ትራማዶሉ የሚቆመው መቼ ነው?

ባለፈው ዓመት ጥር ወር ላይ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የእህቴ ልጅ ለቡና ቤቴ መጣ። ሞተር እየነዳ ሰው በማመላለስ የሚተዳደር ልጅ ነው። ከአረካ ወደ ሶዶ ሲመለስ ወድቆ የጭን አጥንቱ ተሰብሮ፣ ከዞናችን ውጭ ባለ አንድ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ሆኖ ብረት ከገባለት ዘጠነኛ ሳምንቱን ይዟል። በሁለት ክራንች ተደግፎ ገብቶ ተቀመጠ።

አቦሉ ሳይቀዳ ደጋግሞ ያዛጋል። አፍንጫውን በመሐረብ ይጠርጋል። ፊቱ ላይ ላብ አለ፤ የክንዱ ፀጉር ግን እንደ በረደው ሰው ቆሟል።

«ምነው፣ ደህና አይደለህም?» አልኩት።

«ጉንፋን ነው አክስቴ። ሆዴንም ይቆርጠኛል። ሌሊቱን ደግሞ እግሬን የማሳርፍበት አጥቼ ነው ያደርኩት።»

ጉንፋን እንዲህ እግር አያቅበጠብጥም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ ይህን ዓይነቱን «ጉንፋን» አልፎ አልፎ አይቼዋለሁ። ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ጠየቅሁት። ትራማዶል ነው። ከትናንት በስቲያ ማታ አልቆበታል። ትናንት ገንዘብ አልነበረውም፤ ዛሬ ደግሞ የሚገዛበት ፋርማሲ ዝግ ነው።

ከሆስፒታል ሲወጣ በተጻፈለት ወረቀት ላይ ባለ 50 ሚሊግራም ትራማዶል ለ10 ቀን ይላል። አሥሩ ቀን ሲያልፍ ወረቀቱ ቀርቶ ባዶውን እሽግ ይዞ መሄድ ጀመረ፤ ሻጩም እሽጉን አይቶ ይሰጠዋል። በቀን ሦስት ፍሬ የነበረው አራት ሆነ፤ እኔ ዘንድ በመጣበት ሰሞን ስድስት ደርሷል። ይህ 300 ሚሊግራም ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚፈቀደው የመጨረሻው መጠን 400 ነው።

አልተቆጣሁትም። «እስከዚህ ቀን ድረስ ትወስዳለህ፤ ከዚያ በኋላ እንዲህ እያደረግህ ታቆማለህ» ያለው ሰው የለም። ልጁ ጫት አይቅምም፣ መጠጥም ቤታቸው አይገባም። ሱሰኛ ነው ብላችሁ እንዳታስቡት። ሱሰኛ የሚባለው መድኃኒቱን ለህመሙ ሳይሆን ለመድኃኒቱ ሲል የሚያሳድድ፣ ጉዳቱን እያየ የማይተው ሰው ነው። የእህቴ ልጅ ግን ሰውነቱ ነው የለመደበት። ለሳምንታት በየቀኑ ያገኘው ነገር ድንገት ሲቋረጥበት ሰውነት ያምጻል፤ ያዛጋል፣ ያልበዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ይህ በማንኛችንም ላይ ሊደርስ ይችላል። ክፋቱ፣ ሰውየው ይህን ስሜት «አጥንቴ አልዳነም» ብሎ ይተረጉመውና ተጨማሪ ይውጣል።

ስለዚህ ልጅ ከመቀጠሌ በፊት ግን የራሴን ጥፋት ልናገር፤ የኔው ጥፋት ከዚህ ተቃራኒ ነውና።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ከዲፕሎማ ትምህርት እንደወጣሁ፣ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ተመደብኩ። በአርባዎቹ ውስጥ ያለች የገጠር ሴት ጭኗ ተሰብሮ፣ እግሯ በክብደት ተስቦ ተኝታ ነበር። ሐኪሙ ፔቲዲን የሚባለውን መርፌ «ሲያስፈልጋት» ብሎ አዞላታል። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ሌሊት ትጣራለች። እኔም ሄጄ ግንባሯን እየዳበስኩ «ቻይው እናቴ፣ ያልፋል» እላታለሁ። ጨካኝ ሆኜ አልነበረም። መርፌው ያስለምዳል፣ መዝገቡም ቁጥጥር አለበት እየተባልን ነው የተማርነው። መርፌውን አለመስጠት ጎበዝ ነርስ የሚያሰኝ ይመስለኝ ነበር። ሴትዮዋ ከህመሙ የተነሳ አትንቀሳቀስም፣ በደንብ አትተነፍስም፣ ማሳል ትፈራለች። በሁለተኛው ሳምንት የሳንባ ምች ያዛት። ጀርባዋ ቆሰለ። ሞት አልደረሰባትም፤ ነገር ግን ለመንካት ፈርታ የኖረችው ጉልበቷ ሳይታጠፍ ቀርቶ ወደ ቤቷ ሄደች።

«ሲያስፈልጋት» የሚለውን ቃል ዛሬ ሳየው ያስቀኛል። ያስፈልጋት እንደሆነ ትወስን የነበረችው ሕመምተኛዋ ሳትሆን የሃያ ምናምን ዓመቷ እኔ ነበርኩ።

በሌላው ዓለም ታሪኩ በተገላቢጦሽ ሄዷል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ አንቀጽ የማትሞላ ደብዳቤ ወጣች፤ ሆስፒታል ተኝተው እነዚህን ጠንካራ ማስታገሻዎች የወሰዱ ሰዎች ሱስ የሚይዛቸው ከስንት አንዴ ነው የምትል። ያቺ ደብዳቤ ቤት ወስዶ ለወራት ለሚውጠውም ሰው ማስረጃ ተደርጋ ተጠቀሰች። እ.ኤ.አ. በ1996 ኦክሲኮንቲን የተባለው ክኒን ገበያ ላይ ወጣ፤ አምራቹ ፐርዱ ፋርማ በ2007 ስለ ሱስ አስያዥነቱ ሰውን በማሳሳት ጥፋተኝነቱን በፍርድ ቤት እስኪያምን ድረስ ብዙ ቤት ፈርሷል። ከዚያ ወዲህ የሞተው ሰው በመቶ ሺዎች ይቆጠራል።

እኛ አገር ሁለቱም ጥፋት በአንድ ጊዜ አለ ብዬ አምናለሁ። ሆስፒታል ውስጥ፣ ህመሙ በሚበረታበት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት፣ ሞርፊን እንፈራለን፤ በሽተኛው «ቻል» ይባላል። ከወጣ በኋላ፣ ህመሙ መቀነስ ሲገባው፣ ትራማዶል እንደ ከረሜላ ይሸጥለታል። ሞርፊን በልዩ ማዘዣ የሚወጣ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ሲሆን፣ ትራማዶል ግን በዓለም አቀፉ የአደንዛዥ መድኃኒቶች ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ስላልገባ ቀለል ያለ ነገር ይመስለናል። ሁለቱም የኦፒየም ወገን ናቸው፤ በአንድ በር ነው የሚገቡት። ጤና ሚኒስቴር ሆስፒታሎችን ከህመም ነፃ ለማድረግ በጀመረው ሥራ የተነሳ ዛሬ በብዙ ክፍሎች ህመም እንደ ትኩሳትና እንደ ደም ግፊት በቁጥር ይጠየቃል፣ ይመዘገባል። በኔ ጊዜ ይህ አልነበረም፤ ጥሩ ለውጥ ነው። ወደ ቤት የሚያደርሰው መንገድ ነው ገና ያልተጠረገው።

በወላይታ ይህ ነገር የእያንዳንዱን ቤት ያንኳኳል። የሞተርና የባጃጅ አደጋ አለ፤ ከዛፍ የሚወድቅ አለ። ደግነቱ ሕክምናው ቅርብ ነው። ድሮ ኦቶና እያልን የምንጠራው ሆስፒታል ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም በአጥንት ሕክምና ከሩቅ አገር ሰው የሚመጣበት ነው። የጭን ስብራት ሲጠገን ብዙ ጊዜ «ሳይን» የተባለው ብረት ይገባል። ዶክተር ሉዊስ ዚርክል የተባሉ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1999 በመሠረቱት ድርጅት የሚመረት ሲሆን፣ ውድ የሆነው በኦፕራሲዮን ጊዜ የሚያሳይ የራጅ መሣሪያ በሌለበትም እንዲገባ ታስቦ የተሠራ ነው። ለድሃ አገር ሆስፒታሎች በነፃ ይሰጣል። በእኔ ጊዜ በክብደት እየተሳበ ወራት ይተኛ የነበረ ሰው ዛሬ በቀናት ውስጥ በክራንች ይቆማል። ብረቱ ይህን ያህል ሥራ ሠርቶልን፣ በሽተኛው ህመም ፈርቶ አልጋ ላይ ከቀረ ግን ጥቅሙን ግማሹን አጣነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሐኪሞች ዛሬ የሚሄዱበት መንገድ አንድ ትልቅ ዱላ ከመያዝ ብዙ ትንንሽ ዱላ መያዝ ነው። ሄንሪክ ኬሌት የተባሉ የዴንማርክ ቀዶ ሐኪም ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 በጻፉት ጽሑፍ ይህን ሐሳብ በሰፊው አስተዋውቀዋል። ህመም ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ ተጉዞ አእምሮ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ጣቢያ አለው። ፓራሲታሞል አንዱ ጣቢያ ላይ፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሌላው ላይ፣ በነርቭ ዙሪያ የሚወጋው ማደንዘዣ በሦስተኛው ላይ ይሠራሉ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ሲያግዙ ከጠንካራው መድኃኒት የሚያስፈልገው ጥቂት ይሆናል፤ የሚቆምበትም ቀን ይቀርባል።

ሥራው የሚጀመረው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ነው። ሐኪሙን ወይም የማደንዘዣ ባለሙያውን ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። «የነርቭ ማደንዘዣ ይሰጠኛል ወይ?» በሉ። ለጭን ስብራት በብሽሽት በኩል የሚወጋ አለ፤ ለበርካታ ሰዓታት ያሳርፋል። በብዙ ሆስፒታሎቻችን የሚሰጠው ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው የጀርባ መርፌ ነው። ይህ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይለቃል። ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ እግሩ ደንዝዞ ሳለ በሽተኛው «ምንም አላመመኝም» ይላል፣ አስታማሚውም ደስ ይለዋል፣ ማስታገሻ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ማደንዘዣው ሌሊት ይለቅና ህመሙ እንደ ጎርፍ ይመጣል። ጎርፍ ከመጣ በኋላ ግድብ አይሠራም። የመጀመሪያው ማስታገሻ እግሩ ገና ደንዝዞ ሳለ መሰጠት አለበት።

በሰዓት መውሰድም እንደዚሁ ነው። ፓራሲታሞልን ሰዎች ይንቁታል። «እሱማ የራስ ምታት ነው» ይላሉ። ሲያም ብቻ አንድ ፍሬ ለሚውጥ ሰው እውነታቸውን ነው። በየስድስት ሰዓቱ ሳይዛነፍ ሲወሰድ ግን ሌላ መድኃኒት ይሆናል። ለጤናማ አዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙ ሁለት ሁለት ፍሬ፣ በቀን ከስምንት ፍሬ ሳይበልጥ ነው። በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ይህን መርሳት አይቻልም፤ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6። ጉበቱ የታመመ፣ መጠጥ የሚያዘወትር ወይም ኪሎው ከ50 በታች የሆነ ሰው መጠኑ መቀነስ አለበትና ሐኪሙን ይጠይቅ። የጉንፋን ክኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ደራርባችሁ እንዳትወስዱ።

አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለአጥንት ህመም ጎበዞች ናቸው። ነገር ግን ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ልብ ለሚያመው ሰውና ለነፍሰ ጡር አይሆኑም፤ በዕድሜ ለገፋም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በባዶ ሆድ አይወሰዱም። ቤተሰብ ጾም ጸሎት ሲይዝ በሽተኛው አብሮ እየጾመ ዳይክሎፌናክ ሲውጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! የታመመው ይብላ፤ የቀሩት ይጹሙለት። «አጥንት እንዳይጋጠም ያዘገያሉ» የሚል ክርክርም አለ። ለጥቂት ቀናት ከሆነ ብዙ ሐኪሞች ይፈቅዷቸዋል፤ የናንተው ሐኪም ምን እንደሚል ግን ጠይቁ።

«መርፌ ይሻላል» የሚለውንም ላንሳ። በሽተኛው መዋጥ እስከቻለ ድረስ ክኒን ሥራውን ይሠራል። መርፌ ቶሎ ስለሚጀምር ነው ኃይለኛ የሚመስለው።

አሁን መድኃኒት ያልሆነውን ልንገራችሁ፤ እኔ እንደ ነርስ ከሁሉ በላይ የማምነው ይኼን ነው። ያበጠ እግር ያማል። እግሩን ከልብ ከፍታ በላይ አድርጉት። ትራሱን ከባቱ ሥር እንጂ ከተረከዙ ሥር አታድርጉት፤ ተረከዝ ይቆስላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቅዝቃዜ ይረዳል። በረዶ ከጎረቤት ሱቅ ፍሪጅ ይገኛል። በፕላስቲክ አስራችሁ በነጠላ ጠቅልላችሁ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል፣ ቁስሉ ሳይረጥብ። ቆዳው ላይ በቀጥታ አይደረግም፤ ገና የደነዘዘ እግር ላይም አይደረግም።

እንቅስቃሴ ህመም የሚጨምር ይመስላል፤ የመጀመሪያው ደቂቃ ነው እንጂ ከዚያ በኋላ ይቀንሰዋል። ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይ ወደ ታች፣ በየሰዓቱ አሥር ጊዜ። የጭንን ጡንቻ ጨምቆ መልቀቅ። ረጅም ትንፋሽ መውሰድና ማሳል። መቼ እንደሚቆምና ስንት ኪሎ እግሩ ላይ እንደሚያሳርፍ ሐኪሙ ይንገራችሁ። ማስታገሻውን ከስፖርቱ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ መስጠት ብልህነት ነው።

ስለ ሽንት ቤት ማንም አይነግራችሁም፤ እኔ ልንገራችሁ። ሞርፊንም ትራማዶልም ሆድ ያደርቃሉ። በዚያ ላይ የእኛ ሽንት ቤት ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ጭኑ ብረት የገባለት ሰው ቁጢጥ ማለት ስለሚፈራ ምግብ ይቀንሳል፣ ውሃ ይቀንሳል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ማማጡ ህመም ይጨምራል፣ ለህመሙ ትራማዶል ይጨምራል። ያረጀ የእንጨት ወንበር መሐሉን አስበሱና ከጉድጓዱ በላይ አስቀምጡለት። የእህቴ ባል ይህን በአንድ ከሰዓት ሠርቶታል። ውሃ፣ ጎመን፣ ፍራፍሬ ይጨመር። የክራንቹንም ጫፍ እዩት፤ ጎማው ካለቀ የእኛ ቀይ አፈር በዝናብ ጊዜ ምሕረት የለውም።

ለተሰበረ ሰው አሚቾ መቀቀል የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ ለአጥንት የሚሆነው እንሰት ተመርጦ ይቆፈራል። አልቃወምም፤ ኃይል ይሰጣል፣ ቤተሰቡም የሚረዳበትን ነገር ያገኛል። ብቻውን ግን አይበቃም። ወተት፣ እንቁላል፣ ባቄላ ወይም አተር ከጎኑ ይኑር። አጥንትም ቁስልም የሚጠገነው በእነዚህ ነው።

ጠያቂ በረከት ነው። ግን አልጋው ጫፍ ላይ አትቀመጡ! አልጋው በተነቃነቀ ቁጥር ጭኑ ያውቀዋል። ማታም በጊዜ ተሰነባበቱ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ህመሙ እጥፍ ነው።

ጠንካራው መድኃኒት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ትልቅ አጥንት ተቆርጦ ብረት ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞርፊን ወይም ትራማዶል መስጠት ተገቢ ነው፤ ያንን መከልከል የእኔን የጥንቱን ጥፋት መድገም ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ከጥቂት ቀን፣ ቢበዛ ከሁለት ሳምንት በኋላ አያስፈልገውም። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ ሦስት ነገር ሳትጠይቁ በሩን አትለፉ፤ በቀን ስንት ፍሬ፣ እስከ ስንት ቀን፣ እንዴት እየቀነስኩ? መልሱን ወረቀቱ ላይ አስጽፉ። ግቡም «ጭራሽ እንዳያመኝ» አይደለም። ከአሥር ሦስት ወይም አራት ሆኖ፣ መተኛትና መነሳት ካስቻለ በቂ ነው። ይህን አስቀድሞ የተነገረው ሰው ትንሽ ህመም ሲሰማው አይደነግጥም።

ትራማዶል የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ መጠኑ ሲበዛም ጤነኛውን ያንቀጠቅጣል። ለድብርትና ለእንቅልፍ ከሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ጋር አይስማማምና የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ። ከአረቄ ወይም ከእንቅልፍ ክኒን ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ያዘገያል። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ለምታጠባ እናትም አይመከርም። በሽተኛው ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

ማስታገሻ ተሰጥቶት የማይበገር ህመምም አለ፤ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። እግሩ እንደ እንጨት ከጠጠረ፣ ጣቶቹን ስትዘረጉለት ከጮኸ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ጄሶው እየጠበበው ከሄደ ትራማዶል መጨመር አይደለም መፍትሔው። ጡንቻው ውስጥ ግፊት እየጨመረ ደም እየታገደ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ያለው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው፤ ሳይታወቅ ካለፈ እግር ይቆረጣል። ወጌሻ ዘንድ በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ «ሲያምህ ነው የሚድነው» ተብሎ የቆየ ልጅ ጣቶቹ ጠቁረው ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ቁስሉ ከቀላ፣ መግል ካወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም አንዱ ባት ብቻ አብጦ ከታመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረም እንደዚሁ፤ ህመሙ መልእክት አለውና መልእክተኛውን በክኒን አታስተኙት።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። በማግስቱ እዚሁ ሶዶ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ራጅ ተነሳ፤ አጥንቱ እየያዘ ነው፣ ብረቱም በቦታው ነው፣ ኢንፌክሽን የለም። ሐኪሙ በአንድ ቀን አቁም አላለውም፤ ለለመደ ሰውነት ይህ ስቃይ ነው። በቀን አምስት ፍሬ ተደርጎ፣ በየአምስት ቀኑ አንድ አንድ ፍሬ እንዲቀነስ ተስማማን። መጀመሪያ የቀኑ፣ በመጨረሻ የማታው። ፓራሲታሞሉ በሰዓቱ ገባ። ካፕሱሎቹን እናቱ ያዘች፤ የሚሰጠው የዕለቱ ብቻ ነው። ከደብተር ላይ ቅጠል ገንጥዬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩና እሱ ራሱ በእስክሪብቶ እየሰረዘ ሄደ።

ቀላል ነበር አልላችሁም። ሁለት ፍሬ ላይ ሲደርስ ተጣበቀ። ሌሊት እግሩን እያቅበጠበጠው እህቴን ይቀሰቅሳታል፤ እሷም በስልክ እኔን ትቀሰቅሰኛለች። «አንድ ብቻ ልጨምርለት?» ትላለች። «አትጨምሪለት፤ አትቀንሺለትም» አልኳት። ሐኪሙም በዚህ ተስማማና በሁለት ፍሬ አሥር ቀን ቆየ። ከዚያ ወረደ። ቀን ፀሐይ ላይ እንዲሄድ፣ ማታ እግሩን በሙቅ ውሃ እንዲታጠብ አደረግነው። የባጃጅ ጓደኞቹ እየመጡ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ በክራንች ይሸኙት ነበር። መቀነስ ከጀመረ በሠላሳ ቀኑ የመጨረሻውን ዋጠ። ህመሙ ጨርሶ ጠፋ ወይ ብትሉ፣ አልጠፋም። ዳገት ሲወጣ፣ ሲበርድም ያመዋል። ያንን በፓራሲታሞልና በእንቅስቃሴ ይዞታል።

15 ፍሬ ትራማዶል ተረፈ። ቤት ውስጥ ልጆች አሉና ካፕሱሎቹን ከፍቼ ከቡና አተላና ከአመድ ጋር እየለወስኩ ሳለ የእህቴ ጎረቤት በአጥር አየችኝ።

«ኧረ ሲስተር፣ አይጣሉት! ለወገቤ ይሆነኛል።»

ለውሼ ጨረስኩና ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኩት። ለእሷ ሁለት ፍሬ ፓራሲታሞል ሰጥቻት፣ ወገቧን ከመቼ ጀምሮ እንደሚያማት ልጠይቃት አብሬያት ተቀመጥኩ።